ቆጣሪው ያልቆጠረው ጊዜ

ጎንደር ውስጥ መኪና የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቁጥር አለች፤ 5 ሺሕ። ዘይት በ5 ሺሕ ኪሎሜትር ይቀየራል። መካኒኩ አሮጌውን ዘይት ያወርዳል፣ ፊልትሮውን ይቀይራል፣ አዲሱን ይሞላል፤ ከዚያ በቁራጭ ካርቶን ላይ የሚቀጥለውን ቁጥር ጽፎ ኮፈኑ ሥር ያስራታል። አዘዞ ብትሄዱም አራዳ ብትሄዱም ሕጉ ያው ነው። ከሚኒባሱ፣ ከአይሱዙው፣ ከድሮዎቹ ኮሮላዎች ጋር አብሮ የኖረ ሕግ ስለሆነ የሚከራከረው የለም። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ታክሲ 5 ሺሑን በጥቂት ሳምንታት ስለሚጨርሰው ወር መቁጠር ለማንም አስፈልጎት አያውቅም። ኪሎሜትሩ ሁልጊዜ ከወሩ ቀድሞ ይደርስ ነበርና።

የምቆጨው በዚህች ቁጥር ነው። ማንም አላጭበረበረም፣ ማንም አልሰረቀም። ጨዋ ሰዎች ለሌላ መኪና የተሠራ ጥሩ ልማድ ይዘው፣ ልማዱ የማይገዛትን መኪና በገዛ እጃቸው ገደሏት። ሌባ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እሱን እረግም ነበር።

መኪናዋ የታላቅ ወንድሜ ናት። ዕድሜውን በአስተማሪነት ጨርሶ ጡረታ ሲወጣ ዲሲ ያሉ ልጆቹ ተዋጥተው ገዙለት፤ 2014 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከቻይና የመጣች፣ በሶኬት የምትሞላ ሃይብሪድ። ሰፈሩ ማራኪ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙም አይርቅም። የመጣች ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ኮፈኗን አስከፍቶ አይቷታል። ብርቱካናማዎቹን ወፋፍራም ሽቦዎች እያየ «ይሄ እንኳን ይገድላል» ያላለ አልነበረም። እውነቱን ነው፤ ያን ቀለም ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚያልፍበትን ሽቦ ለመለየት ነው።

ተራው ሃይብሪድ ባትሪው ትንሽ ነው፤ የሚሞላውም ከራሱ ሞተርና ፍሬን ሲያዝ ከሚመለሰው ጉልበት ብቻ ነው። ይቺኛዋ ባትሪዋ ተለቅ ስለሚል ማታ ከግድግዳ ሶኬት ጋር ትያያዛለች። ጠዋት ሃምሳ፣ ስልሳ ኪሎሜትር ያለ አንዲት ጠብታ ቤንዚን ትሄዳለች፤ ባትሪው ሲያልቅ ወይም ጉልበት ሲጠየቅ የቤንዚን ሞተሯ ይነሳል። ዓይነቱ ራሱ አዲስ አይደለም። ቢዋይዲ ኤፍ3ዲኤም የተባለችውን መኪና ቻይና ውስጥ ገበያ ላይ ያወጣው እንደ ፈረንጆቹ በታኅሣሥ 2008 ነው፤ በፋብሪካ በብዛት ከተመረቱት የመጀመሪያዋ እሷ ናት። የአሜሪካው ሼቭሮሌት ቮልት በ2010 መጨረሻ፣ የሚትሱቢሺ አውትላንደር በ2013 ተከተሏት። እኛ ጋ ግን ገና ስሟ እንኳ አልተለመደም፤ ወንድሜ «ሁለቱንም የምትበላ» ይላት ነበር።

ለጎንደር እንደ እሷ የሚመች መኪና አላውቅም፤ ይህን የምለው ከሞተች በኋላ አሞግሻት አይደለም። ማራኪ የሚኖር ሰው ውሎው ምንድን ነው? ፒያሳ፣ አራዳ ገበያ፣ ሆስፒታል፣ ሲርቅ አዘዞ። ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ቻርጅ ያልቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በአየሩ መሳሳት ብቻ የጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል እዚህ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አይነካውም። ዳገቱ ከወሰደው ላይ ደግሞ ቁልቁለቱ የተወሰነውን ይመልሳል፤ እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ሲነሳ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ባትሪውን ይሞላል። (ለዚህም ብልሃት አለው። ደባርቅ አድሮ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ ሰው፣ ያ ሁሉ ቁልቁለት የሚሰጠውን የሚያስቀምጥበት ቦታ አይኖረውም። የሚያውቅ ሰው ባትሪውን ትንሽ አጉድሎ ይወርዳል።) ወደ ደባርቅ ወይም ወደ መተማ የሚወጣም መንገድ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ ፍለጋ አይንከራተትም፤ የቤንዚን ሞተሩ አለለት። በአዲስ አበባ እንኳ ኢትዮ ቴሌኮም ቦሌ ላይ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያውን የከፈተው በ2017 ነው። ከጎንደር ወደ ሰሜን ያለው ሰው እስኪደርሰው ስንት ዓመት ይጠብቅ?

ነዳጁንም አስቡት። በ2014 ክረምት ሊትሩ ከ50 ብር በታች የነበረው ቤንዚን በ2017 መቶ ብርን አልፏል፤ ያም ማደያ ላይ ከተገኘ ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ማደያው ሲደርቅ፣ ባጃጁ ሰልፍ ላይ ሲያድር፣ ቤንዚን በጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር ሲቸረቸር ሁላችንም አይተናል። ውሃ ይቀላቀልበት ላምባ ይቀላቀልበት የሚያውቀው ሻጩና እግዜር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሁሉ ወንድሜ ማታ ሶኬቱን ሰክቶ ይተኛል፤ መብራት ከጠፋ በማግሥቱ ይሞላል፤ ጠዋት የሰፈሩን በሽተኛ ሆስፒታል ያደርሳል። እንዲህ ያለ ጸጋ ነው ያባከነው።

ታዲያ ምን ሆነች?

እንደመጣች መካኒኩ ዘይቷን ቀየረና እንደ ልማዱ 5 ሺሕ ጨምሮ ካርቶኗን አሰረ። ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር አልደረስም አለ። ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ማራኪ ስንት ያስኬዳል? ላዩ ላይ መንገድ የሚዘጋባቸው ሳምንታት አሉ፣ ከቤት የማይወጣባቸው ቀናት አሉ። ሁለት ዓመት አልፎም ቆጣሪው ካርቶኗ ላይ ያለው ቁጥር ጋ አልደረሰም። ወንድሜ ይህን እንደ ክብር ይናገረው ነበር። «አዲስ ናት እኮ! ሞተሯ መች ሠራና?» የሚሰማው ሁሉ ይስማማል። መካኒኩም ይስማማል። ያልሠራ ሞተር ምን ዘይት ያስቀይራል?

ስህተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው እንዴት እንደሆነ ልዘርዝረው፣ ምክንያቱም በከተማችን ያየሁት ሰው ሁሉ ተቃራኒውን ነው የሚያምነው።

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወልዳል። ሞተሩ የሞቀ ከሆነ ውሃው በእንፋሎት መልክ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ከፊሉ ወደ ጠብታነት ይለወጥና ካልተቃጠለ ቤንዚን ጋር በፒስተኑ ቀለበት አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የሚያወጣው ሙቀት ብቻ ነው፤ ሞተሩ ደህና አድርጎ ሞቆ ረዘም ላለ ጊዜ ሲሠራ ውሃውም ቤንዚኑም ከዘይቱ ውስጥ ተኖ ይወጣል። ስለዚህ ዘይት የሚጎዳው ብዙ በመሥራት ብቻ አይደለም። ጥቂት እየሠሩ፣ ሳይሞቁ እየጠፉ መክረም ከረጅም መንገድ የባሰ ያበላሸዋል። ዘይቱ ውስጥ አሲዱን እንዲያከሽፍ ከፋብሪካ የተጨመረው ንጥረ ነገር ያልቃል፤ ውሃውና ዘይቱ ተላቁጠው ይወፍራሉ፤ አተላው ከታች ይረጋል። ኪሎሜትር ቆጣሪው ይህን ሁሉ አያይም። መኪናዋ በኤሌክትሪክ ስትሄድ ሞተሩ ያልሠራውን መንገድ ይቆጥራል፤ ቆማ ስትከርም ደግሞ ዘይቱ ያረጀበትን ወር አይቆጥርም።

መሐንዲሶቹ ይህን ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር። ቮልት ሞተሯ ለስድስት ሳምንት ያህል ካልተነሳ ራሷ ታስነሳውና ጥቂት አሠርታ፣ ዘይቱን አዳርሳ ታጠፋዋለች። ታንከሯ ውስጥ ያለው ቤንዚን ዓመት ከሞላውም ሞተሩን አስነስታ ታቃጥለዋለች፤ ቤንዚን በወራት ውስጥ ቀላል ቀላሉ ክፍሉ እየተነነ፣ የቀረው ሙጫ እየሠራ ስለሚሄድ ነው። ዘይቷንም ምንም ያህል ኪሎሜትር ባትሄድ ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ ይላል መጽሐፏ። አውትላንደርም በሦስት ወር ውስጥ 15 ሊትር ቤንዚን ካልተጨመረላት ሞተሯን በራሷ ታስነሳለች። ይህ ሁሉ ብልሽት አይደለም፤ መድኃኒት ነው።

የወንድሜም መኪና መድኃኒቷን ልትወስድ ሞክራ ነበር። አንዳንድ ጠዋት ባትሪዋ ሙሉ ሆኖ፣ ገና ከበር ሳትወጣ፣ ሞተሯ ብድግ ይላል። ወንድሜ ደሙ ይፈላል። ቤንዚን በሌለበት ከተማ፣ በጀሪካን ለምኖ ያስገባውን! መካኒኩን አስጠርቶ እኔ ባለሁበት ነገረው።

«ልጄ፣ ይቺ መኪና ቤንዚኔን እየሰረቀችኝ ነው።»

«በራሷ ነው የምትነሳው ጋሼ?»

«በራሷ! ማንም ሳይነካት።»

«እንግዲያው ስትነሳብዎት ወዲያው አጥፍተው እንደገና ያብሯት። ትረሳዋለች።»

እንደተባለው አደረገ። አትረሳውም፤ በሚቀጥለው ቀን ደግማ ትሞክራለች፣ ደግሞ ያጠፋታል። ይህም ማለት ሞተሩ በቀዝቃዛው እየተነሳ፣ ሳይሞቅ እየጠፋ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ዘይቱ ላይ ትንሽ ውሃና ትንሽ ቤንዚን እየጨመረ ከረመ ማለት ነው። ሰይጣን ራሱ ሞተር ለማበላሸት ቢያቅድ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አያገኝም። መካኒኩን አልወቅሰውም፤ የተማረው በሌላ መኪና ነው። ማንስ ሌላ ነገር አስተማረው?

ታንከሯ ውስጥ ያለውም ቤንዚን ለክፉ ቀን ተብሎ የተቀመጠ ነበር። ማንም እንዳይነካው! ያን ያህል ተቆጥቦ፣ ያን ያህል ተሳስቶለት፣ ለክፉ ቀን ሲፈለግ ከዓመት በላይ ያደረ ሙጫማ ነገር ሆኖ ጠበቀን።

ክፉው ቀን በ2017 መጀመሪያ፣ መንገዱ በተከፈተ ሰሞን መጣ። ዳባት ለቅሶ ተረዳን። አንድ ቤት ሰው ተጭኖ ተነሳን፤ የሚነዳው የወንድሜ የመጨረሻ ልጅ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከከተማው እንደወጡ እስከ ኮሶዬ፣ ከዚያም እስከ አምባ ጊዮርጊስ ሽቅብ ነው። ባትሪው ዳገቱን ጀምሮ አልጨረሰውም። ሞተሩ ተነሳ። ከሁለት ዓመት በላይ አንድም ቀን በወጉ ሳይሞቅ የኖረ ሞተር፣ ዘይቱ ሳይቀየር፣ ሙሉ ሰው ጭኖ፣ አየሩ በሳሳበት ዳገት ላይ ያለ የሌለ ጉልበቱን እንዲያወጣ ተጠየቀ። ከኮሶዬ ትንሽ እንዳለፍን ቀይ የዘይት መብራት በራ።

ልጁ ልቆም ነው አለ። ወንድሜ «ለቅሶ አይቀርም፤ አምባ ጊዮርጊስ ደርሰን እናሳያታለን» አለ። ያ መብራት ዘይት አነሰ የሚል መስሎት ነው፤ ዘይት እንዳላነሰ ደግሞ እርግጠኛ ነበር፣ መለኪያው ላይ ጠዋት አይቶታል። እንዲያውም በዝቶ ነበር! የበዛው ቤንዚንና ውሃ ተጨምሮበት እንደሆነ ለማን ይታሰበዋል? መብራቱ የሚናገረው ስለ ግፊት ነው። ዘይቱ ቢኖርም ፓምፑ መሳብ ካቃተው መብራቱ ይበራል። ጥቂት እንደሄድን ከታች ብረት ከብረት የሚማታ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ሞተሩ ቀጥ አለ።

ተጎትታ ጎንደር ስትገባ መካኒኩ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈተው። ከክዳኑ ውስጥ የተለጠፈው ነገር ማኪያቶ ይመስል ነበር። ካርተሩ ሲወርድ ዘይት የሚስበው ወንፊት በአተላ ተደፍኗል፤ ብሮንዚኖቹ ተበልተው አንዱ ከቦታው ዞሯል። መካኒኩ ብዙ ቆይቶ፣ «አልሠራችም እኮ፤ አልሠራችም» ይል ነበር ደጋግሞ፣ ሰው እንዳከራከረው ሁሉ።

መጽሐፏን የከፈትነው ያኔ ነው። ከፊት መሳቢያው ውስጥ፣ ላስቲኩ ሳይቀደድ ነበር። በቻይንኛ ነው የተጻፈው፤ ለዚህም ነው ማንም ያልነካው። የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው፦ ከወንድሜ ጋር አጥር የሚጋራው ወጣት ቻይና ተምሮ የተመለሰ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሰላም ይባባላሉ፤ በዓል በመጣ ቁጥር ይጠራራሉ። ማራኪ እንዲህ ያለ ሰው ሞልቶበታል፤ የዩኒቨርሲቲ ሰፈር ነዋ። የሞባይል ኢንተርኔቱ ለወራት ተቋርጦ ስለነበር መረጃ ከየት ይምጣ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ለሌላው ይሠራል፤ ለዚህ ግን አይሠራም። መጽሐፉ መሳቢያው ውስጥ፣ አንባቢው ከአጥሩ ማዶ ነበሩ።

ወጣቱ መምህር ቁጭ ብሎ ሠንጠረዡን አነበበልን፤ ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልፈጀበትም። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፦ በ10 ሺሕ ኪሎሜትር ወይም በ12 ወር፣ ቀድሞ በደረሰው። የፍሬን ዘይት፦ በሁለት ዓመት፤ እዚህ ላይ ኪሎሜትሩ ከናካቴው ትርጉም የለውም፤ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ ፈሳሽ ስለሆነ ቆማም ብትውል ይበላሻል፣ እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይት ደግሞ በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይገባል። የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፤ ከእሱም ሌላ፣ የባትሪውና የኤሌክትሪክ ክፍሉ ማቀዝቀዣ ለብቻው። የፍሬን ሸራዎቹ ሳያልቁ እንኳ ወልቀው እንዲጸዱ ይላል። መኪናዋ አብዛኛውን የምትቆመው በኤሌክትሪክ ሞተሯ መጎተት ስለሆነ ሸራው ሳይነካ ይከርማል፤ በጎንደር ክረምት ደግሞ ሳይነካ የከረመ ብረት ይዝጋል፣ ካሊፐሩም ተጣብቆ ይቀራል። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው፤ ይቺ መኪና የምትጎዳው በመሥራት ሳይሆን ባለመሥራት ነው። የሰርቪስ ሠንጠረዧ ለሁለት የተለያዩ መኪኖች የተጻፈ ያህል ነው፤ ግማሹ ለምትሄደው፣ ግማሹ ለምትተኛው።

ከዚያ መምህሩ ከግርጌ ያለውን ማስታወሻ አነበበ። «በከባድ አጠቃቀም ጊዜው በግማሽ ይቀነስ» ይላል። ከባድ አጠቃቀም ምንድን ነው ሲባል፦ አቧራማ መንገድ፣ ተራራማ አገር፣ አጫጭር ጉዞ፣ ረጅም ጊዜ መቆም። አንድም የቀረን የለም። የቻይና መሐንዲስ ማራኪን ሳያይ ማራኪን ጽፎታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ነው።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ደግሞ መፍትሔው ትንሽነቱ ነው። እኛ ጊዜ መቁጠር የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። ወንድሜ ቦሎ አንድም ዓመት አሳልፎ አያውቅም። በየዓመቱ ምርመራ ይወስዳታል፣ ይከፍላል፣ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል፤ ቦሎ ኪሎሜትር አይጠይቅም። ያን ቀን ሲመለስ፣ ደግሞም በግማሽ ዓመቱ፣ ጋራዥ ጎራ ብሎ አራት፣ አምስት ሊትር ዘይትና አንድ ፊልትሮ ቢያስቀይር ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር። በየቦሎው የፍሬን ዘይት። በየወሩ አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሯን አስነስቶ እስከ አዘዞ ደርሶ መመለስ፤ እስክትሞቅ ድረስ፣ አሮጌው ቤንዚንም ቀስ በቀስ እያለቀ በአዲስ እንዲተካ። ይኸው ነው። ሊቅ አይጠይቅም። ካርቶኗ ላይ ከቁጥሩ ጎን አንድ ቀን ተጽፎ ቢሆን፣ «ወይም እስከ መስከረም» የሚል፣ መኪናዋ ዛሬ ትነዳ ነበር።

ሞተር ፍለጋው የሚያሳፍር ታሪክ ነው፤ አላረዝመውም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ላክን። የኮሮላ ሞተር እንደ ጉድ ይገኛል፤ የእሷ ዓይነት የለም። አንዱ ከውጭ አስመጣለሁ አለ፤ ሲመጣም ሞተሩ ብቻውን እንደማይበቃ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ከባትሪው ኮምፒውተር ጋር እንዲተዋወቅ የሚያደርግ ሰውና መሣሪያ እንደሚያስፈልግ ተነገረን። የጠራው ዋጋ ልጆቹ ለመኪናዋ ካዋጡት ብዙም አላነሰም። ወንድሜ ስልኩን ዘጋ።

ሌላ ግዛ እንዳይባል ደግሞ በሩ ጠቧል። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናግረዋል። ከዚያ በፊትም በ2014 የወጣው የቀረጥና የታክስ ማበረታቻ ለኤሌክትሪኮቹ ነበር። ምክንያቱን እረዳለሁ፤ ነዳጁ በዶላር ይገዛል፣ ኤሌክትሪኩ ከገዛ ወንዛችን ይወጣል። ጳጉሜ 2017 የተመረቀው ሕዳሴ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ግን ደጋው ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው መሃል ላይ አንድ ደረጃ ተዘሏል። ሁለቱንም የምትበላዋ መኪና ያቺ ደረጃ ነበረች፤ ቻርጅ ማድረጊያው እስኪደርስ ድረስ የምታሻግር። ቁጥራቸው ትንሽም ቢሆን በእጃችን የገቡት ነበሩ። እነሱን በወጉ ብንይዝ መካኒኮቻችን ባትሪ ማቀዝቀዣ ምን እንደሆነ፣ ብርቱካናማው ሽቦ ከመነካቱ በፊት ምን እንደሚነቀል፣ ሰርቪስ በወር እንዴት እንደሚቆጠር በእነሱ ይማሩ ነበር። ትምህርት ቤት ሆነው መጡ፤ እኛ ሬሳቸውን ነው የገነዝነው። በከተማው ከሚያጋጥሙኝ ባለመኪኖች ጋር ሳወራ ታሪኩ በጥቂቱ ይለያያል እንጂ ያው ነው፤ አንዱ ጋ ዘይቱ፣ አንዱ ጋ ፍሬኑ፣ አንዱ ጋ ወራት ቆማ የሞተችው ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ።

ለወንድሜም አዝናለሁ፣ ግን ለእሱ ብቻ አይደለም። ልጆቹ ዲሲ ላይ ሌሊት ሠርተው ያጠራቀሙት ገንዘብ ነው። እሱ ደግሞ የሰፈሩ አምቡላንስ ሆኖ ነበር፤ አሁን ነፍሰ ጡር በባጃጅ ነው የምትወርደው። እሱ ራሱ ስለ ጉዳዩ ብዙ አይናገርም። አንድ ቀን ብቻ፣ «ባልሳሳላት ኖሮ ትኖር ነበር» አለኝ። እውነት ነው። እንደ ታክሲ ሲያንገላታት ቢውል፣ ዳባትና ደባርቅ ሲያመላልሳት ቢከርም፣ ያ 5 ሺሕ በጊዜው ደርሶ ዘይቷ ይቀየር ነበር። የገደላት መሳሳቱ ነው።

አሁን ማራኪ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የኤሌክትሪክ የሆኑት መታየት ጀምረዋል። ባለቤቶቹን ሳናግር የምሰማው ተስፋ ያስቆርጠኛል። ዘይት የለውም፣ ካንዴላ የለውም፣ ፊልትሮ የለውም፣ ስለዚህ ሰርቪስ የለውም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከሞላ ጎደል እውነት ናቸው፤ ከነሱ የተወሰደው መደምደሚያ ነው ውሸት። የፍሬን ዘይቱ ያው የፍሬን ዘይት ነው፣ ያው እርጥበት ይጠጣል። የባትሪው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ዕድሜ አለው። የማርሽ ሳጥኑ የራሱ ዘይት አለው። የፍሬን ሸራው ከሃይብሪዱ ይብስ ሥራ ይፈታል። ክብደቱ ስለሚበዛ ጎማው ቶሎ ያልቃል።

ባለፈው የጾሙ ወራት አንዱን ጎረቤቴን፣ ገና ወጣት ነው፣ መኪናውን ሲያጥብ አገኘሁትና የፍሬን ዘይቱን መቼ እንዳስቀየረ ጠየቅሁት።

«ኤሌክትሪክ እኮ ናት ጋሼ፤ ምን የሚቀየር ነገር አላት?» አለኝ እየሳቀ።

ኮፈኑን እንዲከፍት ለመንኩት። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያዋን ክዳን አነሳን። አዲስ ሲሆን እንደ ውሃ ሊጠራ የሚገባው ፈሳሽ ጠቁሯል። መኪናዋ ከተሠራች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ሁልጊዜ ዓርብ ዓርብ ሊማሊሞን አቋርጦ ዛሪማ ይወርድባታል፤ ሥራው እዚያ ነው። ያን ሁሉ ቁልቁለት። የወንድሜን ነገር ከሥር መሠረቱ ነገርኩት፣ ሠንጠረዡን፣ ማስታወሻውን፣ የሚፈላውን ፈሳሽ። አዳመጠኝ፣ አከበረኝ፣ ጎረቤታችን መምህር መጽሐፉን እንደሚያነብለትም ነገርኩት።

«እሺ ጋሼ» አለኝ ክዳኑን እየገጠመ፣ «ከፋሲካ በኋላ አስቀይራታለሁ።»